የገበሬው ጤናና የገበሬው በሬ
በሰቆጣና በዋግ ኽምራ አገር ስለ ጤና መድን መዋጮ ለአገር አስተዳዳሪዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለ ይዞታዎች የቀረበ ትምህርት

እርሻ የሚለማው በሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም በመሬት፣ በበሬና በሰው ጕልበት ነው። መሬት ቢደክም ፍግና ማሳረፍ ያድሰዋል፤ አንድ በሬ ቢጎድል ጎረቤት በመቀናጆ ይረዳል። የሰው ጕልበት በበሽታ ሲወድቅ ግን መሬቱ ጦሙን ያድራል፣ በሬውም ለመታከሚያ ይሸጣል። ስለዚህ የገበሬን የሕክምና ወጪ የጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጕዳይ ብቻ አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው፤ የእርሻም ጕዳይ ነውና። ከዚህ በታች የተጻፈው ትምህርት ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ምን እንደ ሆነ፣ ሒሳቡ በምን እንደሚቆም፣ በዋግ ኽምራም ሕዝቡ በፈቃዱ እንዲገባበትና ከገባም በኋላ እንዳይወጣ ከሹማምንቱ ምን እንደሚፈለግ ያስረዳል።

፩ኛ። በሽታ የገበሬውን ሀብት የሚጨርስበት መንገድ

ዋግ ኽምራ ተራራውና ገደሉ የበዛ አገር ነው። በደሃና፣ በጋዝጊብላና በሰቆጣ ዙሪያ ያለው ከፍተኛ ስፍራ ገብስ፣ ባቄላና ጤፍ ያበቅላል፤ ዝቋላ፣ አበርገሌና ሳህላ ግን ወደ ተከዜ የሚወርዱ ቆላዎች ስለ ሆኑ ማሽላ ይዘራባቸዋል፣ ፍየልና ንብም ይረባባቸዋል። የደጋው ሰው በብርድና በሳንባ በሽታ፣ የቆላው ሰው በወባ ይቸገራል። ወባም የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ እህሉ ለአጨዳ በሚደርስበት ጊዜ ነው። እንደዚሁም ሌላው በሽታ ብዙ ጊዜ የሚከብደው በክረምት፣ ጎተራ ባዶ በሚሆንበትና ሰው ሁሉ ለእርሻ በሚፈለግበት ወራት ነው። በሽታ ገንዘብ የሚጠይቀው ገንዘብ በሌለበት ጊዜ ነው ማለት ነው።

የታመመው ሰው በመጀመሪያ ይሻለኛል ብሎ ይቆያል፤ በቤት መድኀኒትና በጠበል ይሞክራል። ይህን የሚያደርገው ሐኪምን ንቆ አይደለም፤ ወጪውን ፈርቶ ነው። ሕመሙ ሲጠናበት ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ ያወርዱታል። በዚያም የካርድ፣ የምርመራና የመድኀኒት ይከፍላል። ነገሩ ከጤና ጣቢያው ዐቅም በላይ ከሆነ ወደ ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ከዚያም በላይ ከሆነ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ይላካል። በዚህ ጊዜ የመኪና፣ የስንቅና የአስታማሚው ማደሪያ ይጨመርበታል። ከቤት የዘገየ በሽተኛ ቶሎ ከመጣው ይልቅ ብዙ ወጪ እንደሚያስወጣ ማንም ያውቃል፤ በጥቂት ብር ይድን የነበረ ትኵሳት ዘግይቶ ሲመጣ መኝታና መርፌ ይፈልጋልና።

ገንዘቡም የሚወጣው በተራ ነው። በመጀመሪያ ዶሮና ፍየል ይሸጣል፤ ያ አልበቃ ሲል ከባለጠጋ ጎረቤት በአራጣ ይበደራል፤ የዕዳው ቀን ሲደርስ በሬው ወደ ገበያ ይነዳል። ቸግሮት የሚሸጥ ሰው ደግሞ በገዢው ዋጋ ይሸጣል እንጂ በራሱ ዋጋ አይሸጥም። በሬ የሌለው ገበሬ መሬቱን ለሌላ በእኩል ይሰጣል፤ የምርቱም ግማሽ ከቤቱ ይወጣል። አንድ ወር የቆየ ሕመም በዚህ መንገድ የሁለትና የሦስት ዓመት ድህነት ይሆናል። መሬቱን ለእኩል አራሽ የሰጠ ባለ ይዞታም ከጕዳቱ አያመልጥም፤ አራሹ ታሞ ጥማዱን የሸጠ እንደ ሆነ ማሳው በጊዜው አይታረስም፣ አረሙም በጊዜው አይነቀልም።

ይህ የአንድ አውራጃ ነገር ብቻ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. የአገሪቱ የጤና ወጪ ሒሳብ በተመረመረ ጊዜ፣ ለጤና ከወጣው ከ100 ብር 31 ብር ያህሉን የከፈለው በሽተኛው ራሱ፣ በታመመበት ቀን፣ ከገዛ ኪሱ መሆኑ ታይቷል።

፪ኛ። መድን ማለት ምን እንደ ሆነ

መድን ማለት በቀድሞው አነጋገር ስለ ሌላው ሰው የሚቆም ዋስና አዳኝ ማለት ነው። የጤና መድንም እንዲሁ ነው። ጤነኛው ለታመመው፣ ዘንድሮ የዳነው ዘንድሮ ለወደቀው ዋስ ይሆናል። የዋግ ሰው ይህን ነገር ከአባቶቹ ያውቀዋል። ወንፈል ሲገባ ለእያንዳንዱ በተራው ይታረስለታል፤ ሐዘን በደረሰ ጊዜ እህሉም ጕልበቱም ከጎረቤት ይመጣል። ልዩነቱ በወንፈል የሰጡትን ያህል መቀበል የታወቀ ሲሆን፣ በጤና መድን ግን ያልታመመ ሰው የከፈለው አይመለስለትም፤ ለታመመው ሄዷልና። ብዙ ሰው ቅር የሚለው በዚህ ነው። ስለዚህ ይህን ነገር ከመጀመሪያው ገልጦ መናገር እንጂ መሸፈን አይገባም።

ሥርዐቱ የሚሠራው እንደሚከተለው ነው። አባወራው ወይም እማወራዋ ቤተሰቡን አስመዝግቦ በዓመት አንድ ጊዜ የተቈረጠውን መዋጮ ይከፍላል፤ የአባልነት ደብተርም ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ከቤተሰቡ የታመመ ሰው ደብተሩን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ለምርመራ፣ ለመድኀኒትና ለመኝታ በዚያ ሰዓት ገንዘብ አይጠየቅም፤ ሒሳቡን የወረዳው መድን ለጤና ጣቢያው ይከፍላል። ወደ ሆስፒታል የሚሄደው ግን ጤና ጣቢያው የመላኪያ ወረቀት ሲሰጠው ነው። ሥርዐቱ መጀመሪያ በተሞከረባቸው ወረዳዎች ይህን ደረጃ ዘሎ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የሄደ አባል የወጪውን ግማሽ ራሱ እንዲከፍል ተወስኖ ነበር። ለመነጽር፣ ለሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለመልክ ማሳመሪያና በውጭ አገር ለሚደረግ ሕክምና መድኑ አይከፍልም።

ከዚህ ጋር ሕዝቡ ማወቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። የወሊድ አገልግሎት፣ የልጆች ክትባትና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋም ደብተር ላለውም ለሌለውም ያለ ክፍያ የሚሰጡ ናቸው። አባል ያልሆነች እናት ደብተር የለሽም ተብላ ከወሊድ አገልግሎት የምትመለስ ከሆነ ይህ ከሕጉ ውጭ ነው፤ ሹሙም ሊያርመው ይገባል።

እንደዚህ ያለው ዘዴ በሌላውም አገር የገበሬውን ቤት ጠብቋል። የጃፓን መንግሥት በ1930 ዓ.ም. ገደማ የብሔራዊ ጤና መድን ሕግ ሲያወጣ በተለይ ያሰበው በሕክምና ዕዳ ለተያዙት የገጠር ቤተሰቦች ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ከጥቂት ሲያልፍ ሕዝቡ በሙሉ በመድን ውስጥ ገባ። በአፍሪካም ሩዋንዳ ከእርስ በርስ እልቂት በኋላ፣ በ1991 ዓ.ም. በሦስት አውራጃዎች የሙከራ ሥራ ጀምራ፣ ቀስ በቀስ የሚበዛውን ሕዝቧን በመዋጮ መድን ውስጥ አስገብታለች። ሁለቱም አገሮች ሥራውን የጀመሩት ሀብት ከተረፋቸው በኋላ አልነበረም።

፫ኛ። ሒሳቡ በምን እንደሚቆም

ለትምህርት ብቻ የተሰጠ አንድ ምሳሌ እንመልከት። በአንድ ቀበሌ 1,000 ቤተሰብ አለ እንበል፤ እያንዳንዱም በዓመት 400 ብር ቢያዋጣ 400,000 ብር ይሰበሰባል። በዓመቱ 800 ጊዜ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ቢሄድና ለአንድ ጊዜ 300 ብር ቢወጣ 240,000 ብር ይሆናል። ደግሞ 40 ሰው ሆስፒታል ቢተኛና ለእያንዳንዱ 4,000 ብር ቢወጣ 160,000 ብር ይሆናል። ጠቅላላው 400,000 ብር ነው፤ ገቢና ወጪ ተካክሏል።

አሁን ከ1,000 ቤተሰብ የገባው 400 ብቻ ነው እንበል። የተሰበሰበው 160,000 ብር ይሆናል። ነገር ግን ቀድሞ የሚመዘገበው በቤቱ በሽተኛ ያለበት ሰው ስለ ሆነ ወጪው በዚያ ልክ አይቀንስም። ከ800ው ጕዞ 600ው፣ ሆስፒታል ከሚተኙት ከ40ው 30ው የእነዚሁ ቢሆኑ፣ ወጪው 180,000 እና 120,000፣ በድምሩ 300,000 ብር ነው። የ140,000 ብር ጉድለት ይመጣል። ጉድለቱ ሲመጣ ወረዳው ለጤና ጣቢያው መክፈል ያቅተዋል፤ ጤና ጣቢያው መድኀኒት መግዛት ያቅተዋል፤ አባሉም ደብተሩን ይዞ ሄዶ መድኀኒት የለም ይባላል፤ በሚቀጥለው ዓመትም አያድስም።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ነገር ይገኛል። ፊተኛው፣ መድኑ የሚቆመው ጤነኛውና ባለጠጋው ሲገቡበት ነው፤ የድሀና የበሽተኛ ብቻ ከሆነ ይወድቃል። ኋለኛው፣ ምዝገባው በአንድ ሰው ሳይሆን በሙሉ ቤተሰብ መሆኑ ምክንያት አለው። በአማራ ክልል ሥራው ሲጀመር መዋጮው በሰው ቍጥር፣ ለአንድ ሰው በወር 3 ብር ነበር፤ በኋላ ግን በቤተሰብ እንዲሆን ተደረገ። በሰው ቍጥር ሲሆን ብዙ ልጆች ያሉት ድሀ ይከብደዋልና፣ ጤነኛውን ትቶ በሽተኛውን ብቻ ማስመዝገብም ያጓጓዋልና።

፬ኛ። እስካሁን የተሞከረውና የታየው

በኢትዮጵያ ይህ መድን የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በተመረጡ 13 ወረዳዎች ነው። በአማራ ክልል የተመረጡት ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከሚመለከታቸው ቤተሰቦች ግማሽ ያህሉ ገቡ። በሚቀጥለውም ጊዜ አባላቱ ሲቈጠሩ ከ100 አባላት 82 ያህሉ አድሰው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ ሌሎች ወረዳዎች እየሰፋ ሄዶ በ2016 ዓ.ም. በአገሪቱ ከ1,000 በላይ ወረዳዎች ደርሷል። የበላይ ጠባቂውም በአሁኑ ስም የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት ይባላል።

በሙከራው ወረዳዎች የተደረገው ጥናት የሚያስተምረው ነገር አለ። አባላቱ አባል ካልሆኑት ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አበዙ፤ በበሽታ ጊዜ ብድር የመያዛቸውም ነገር ቀነሰ። በከብታቸው ብዛት ላይ ግን በዚያ ዘመን የታየ ለውጥ አልነበረም። ይህንም ሳይሸሽጉ ለሕዝብ መናገር ይገባል። መድን በሬ አይሰጥም፤ ወደ በሬው ሽያጭ የሚወስደውን የዕዳ መንገድ ያጠብባል እንጂ። በአንድና በሁለት ዓመት ከብት ይበዛል ብሎ ተስፋ የሰጠ ሹም በሦስተኛው ዓመት ሐሰተኛ ይባላል።

ያቋረጡት ሰዎች ከተናገሩት ምክንያት ሁለቱ ለአስተዳዳሪ የሚጠቅሙ ናቸው። አንዱ የአገልግሎቱ ጥራት ነው፤ መድኀኒት ታጥቶ ከግል መደብር ግዛ የተባለ አባል ሁለት ጊዜ የከፈለ ያህል ይቈጥረዋል። ሁለተኛው ነገሩን አለመረዳት ነው፤ አንዳንዱ መዋጮውን እንደ ቍጠባ አድርጎ ስለ ገመተው፣ ሳይታመም ዓመቱ ሲያልቅ ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሏል።

፭ኛ። የዋግ ኽምራ ልዩ ችግር

ከሌላው አገር የሚሠራው ሥርዐት በዋግ እንዳለ ይሠራል ማለት አይቻልም። በመጀመሪያ፣ ድርቅ ይደጋገምበታል። የ1977 ዓ.ም. ረኃብ በዚህ አገር የበረታ ነበር፤ በ2008 እና በ2016 ዓ.ም.ም የዝናብ መጥፋት ጐድቶታል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር አጠፋለሁ ብሎ ቃል ሲገባ ሰነዱ የሰቆጣ ቃል ኪዳን መባሉ የአገሪቱን ችግር ያስታውሳል። ዝናብ በጠፋበት ዓመት መዋጮ መጠየቅ ከባዶ ጎተራ እህል መስፈር ነው።

ሁለተኛ፣ ጦርነት ነው። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ዋግ በገባ ጊዜ የጤና ተቋሞች ተዘረፉ፣ ዕቃቸውም ተሰባበረ፤ የአበርገሌና የፃግብጂ ሰዎችም ከቀያቸው ተፈናቀሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ በየስፍራው መንገድ እየዘጋ የመድኀኒት ማመላለሻን አሰናክሏል። ከሁለት ዓመት በፊት ከፍሎ ጤና ጣቢያው ተዘግቶ ያገኘ ሰው ዛሬ ክፈል ሲባል ቢያመነታ አይፈረድበትም።

ሦስተኛ፣ የዋጋ መናር ነው። ከሚያስፈልገው መድኀኒት የሚበዛው ከውጭ አገር የሚመጣ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር የሚከፈለው ዋጋ ጨምሯል። መድኀኒቱ ሲወደድ መዋጮውም እንዲጨምር ግድ ይላል፤ መዋጮው ሲጨምር ደግሞ ድሀው ይወጣል። በዚህ ጊዜ የመንግሥት ድጎማና የድሆች ዝርዝር ከሁሉ ይልቅ አስፈላጊ ይሆናል።

፮ኛ። ከሹማምንትና ከባለ ይዞታዎች የሚፈለግ ሥራ

1. መዋጮው የሚሰበሰብበትን ጊዜ ከዐውድማ ጋር ማስማማት። በኅዳርና በታኅሣሥ እህል ሲወቃ፣ ቆላውም ማሽላውን ሲሰበስብ ገበሬው በእጁ ገንዘብ አለው፤ ማር የሚቈርጠውም ማሩን ከሸጠ በኋላ መክፈል ይቀለዋል። በሰኔና በሐምሌ መዋጮ የጠየቀ ሹም ሰውየውን ወደ አበዳሪ እንደ ላከው ይቈጠራል፤ መድኑ ሊያስቀረው የመጣውን ዕዳ መድኑ ራሱ አመጣው ማለት ነው።

2. ከገንዘቡ አስቀድሞ መድኀኒቱን ማዘጋጀት። የወረዳው ሹም የምዝገባ ዘመቻ ከማወጁ በፊት በየጤና ጣቢያው መጋዘን ምን እንዳለ፣ ምን እንደ ጎደለ በጽሑፍ ይጠይቅ። ባዶ መጋዘን ባለበት ቀበሌ የተሰበሰበ መዋጮ የአንድ ዓመት ገቢ ቢሆን እንጂ ለሁለተኛ ዓመት አይደገምም። ለጤና ጣቢያውም የሚገባውን ሒሳብ ሳያዘገዩ መክፈል ያስፈልጋል።

3. የድሆችን ዝርዝር በጉባኤ ማውጣት። መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች በመጀመሪያው ሥርዐት ከመዋጮው 70 በመቶ ክልሉ፣ 30 በመቶ ወረዳው ይከፍል ነበር፤ ቍጥራቸውም ከሕዝቡ 10 በመቶ ያህል ተገምቶ ነበር። በዋግ ያለው ችግረኛ ከዚህ ግምት ሊበልጥ ይችላል፤ ስለዚህ ወረዳው እውነተኛውን ቍጥር ለበላዩ ማመልከት እንጂ ለግምቱ ሲል ድሀን ከዝርዝር መፋቅ አይገባውም። ስሞቹ በቀበሌው ሕዝብ ፊት ይነበቡ፤ የሹም ዘመድ ገብቶ መበለት የቀረች እንደ ሆነ የሚናገር ሰው እንዲገኝ ነው።

4. ማስገደድን መተው። በሴፍቲኔት ለሚረዳ ሰው የሚሰጠውን እህል ወይም ገንዘብ መዋጮውን ካልከፈልህ ብሎ መያዝ፣ ወይም የመሬት ጕዳይ ሊፈጽም የመጣን ሰው ደብተር አሳይ ብሎ መመለስ፣ የምዝገባውን ቍጥር ለጊዜው ያበዛዋል፤ መድኑን ግን በሕዝብ ዐይን ግብር ያደርገዋል። ሰው ከግብር ለማምለጥ ይሞክራል፤ የኔ ነው ያለውን ግን ይጠብቃል።

5. ሒሳቡን በአደባባይ ማንበብ። በዓመት ሁለት ጊዜ ስንት ተሰበሰበ፣ ስንት ሰው ታከመ፣ ስንት ቀረ የሚለው በገበያ ቀን ወይም በቀበሌ ስብሰባ በግልጥ ይነገር፤ ለተቀበሉትም ብር ሁሉ ደረሰኝ ይሰጥ። ኽምጣኛ በሚነገርባቸው ቀበሌዎች ነገሩ በኽምጣኛ ይገለጥ፤ ያልገባውን ነገር የፈረመ ሰው ሲያድስ አይገኝምና። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ካህናትና የአገር ሽማግሌዎች በዚህ ሥራ ከሹም ይልቅ ይሰማሉ።

6. ባለ ይዞታዎችና ባለጠጎች ቀድመው መግባት። የሚችለው ሰው እኔ ለሕክምና የማወጣው አላጣም ብሎ የቀረ እንደ ሆነ ሒሳቡ እንደማይቆም በምሳሌው ታይቷል። መሬቱን በእኩል የሚያሳርስ ሰውም አራሹ የአባልነት ደብተር እንዳለው ቢጠይቅ፣ ባይኖረው ከምርቱ ላይ በሁለቱ ስምምነት ቢያስቀድምለት፣ ማሳውን በጊዜው የሚያርስለትን ጕልበትና ጥማድ ይጠብቃል።

7. መንገዱን ማሰብ። መድኑ ለመድኀኒት ቢከፍል ለቃሬዛውና ለመኪናው ግን ገበሬው ራሱ ይቸገራል። ከጤና ጣቢያ በራቁት ቀበሌዎች የሚሸከሙ ሰዎችን በተራ መመደብ፣ ለወላዶችም ቀድሞ ማረፊያ ማዘጋጀት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

በመጨረሻ ሹሙ ሥራውን የሚመዝንበት መለኪያ ሊኖረው ይገባል። ብዙ ጊዜ ለበላይ የሚቀርበው ዘገባ የተመዘገበውን ሰው ቍጥር ብቻ ይናገራል። ይልቁንም ሦስት ነገር ቢጠየቅ ይሻላል፤ ይኸውም ካለፈው ዓመት አባላት ስንቶቹ ዘንድሮ አደሱ፣ ደብተር ይዘው ከሄዱት ስንቶቹ መድኀኒት ሳያገኙ ተመለሱ፣ በቀበሌው ለሕክምና ሲባል ስንት በሬ ተሸጠ የሚሉት ናቸው። የሦስተኛውን መልስ ለማግኘት ትልቅ ምርመራ አያስፈልግም፤ በሰቆጣ የከብት ገበያ በክረምት ቆሞ በሬ የሚሸጠውን ሰው ምን ቸገረህ ብሎ መጠየቅ ይበቃል።